አዴ ብርቄ ቆሪቻ ያሉት አበባ

ባለፈው የካቲት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሐሮ ወንጪ ሐይቅ ወርጄ ነበር። ከጀልባው መቆሚያ ከፍ ብሎ አዲስ የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ አለ። በበሩ ግራና ቀኝ ሮዝ አበባ ያላቸው ረጃጅም ቁጥቋጦዎች ተደርድረዋል። አበባውን ከማየቴ በፊት ሽታው ደረሰኝ። ፀሐይ ሲመታው ቀለል ያለ ጣፋጭ ሽታ አለው፤ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ሲከፈት መጀመሪያ አፍንጫ ላይ የሚደርሰውን ይመስላል። ከአበባው ሥር፣ ገመዷ ከግንዱ ጋር ተጠምጥሞ፣ ኮርቻ የተጫነች ፈረስ ቆማለች።

እኔ የማላውቀውን ሰው ቀድሜ የማናግር ዓይነት አይደለሁም። ባለፈረሱን ግን ጠራሁት።

«ፈረሷን ከዚህ ፍታት።»

«ለምን? ጥላ ነው እኮ።»

«ይሄን ቅጠል ከበላች ትሞትብሃለች።»

«ይሄማ አበባ ነው» አለኝ፣ አበባ አይቼ የማላውቅ መስሎት።

«አዎ፣ አበባ ነው። ቅጠሉም፣ ግንዱም፣ ሥሩም መርዝ ነው። ቅጠሉን እየው፤ ከአንድ ቦታ ሦስት ሦስት ሆኖ ነው የሚወጣው። እንዲህ ያለውን ሌላ ቦታም ካየህ ከብት አታስጠጋ።»

ጎንበስ ብሎ ቆጠረ። ሌላ ቅርንጫፍ ይዞ ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ ፈረሷን ፈታና ከወደ ሣሩ ወሰዳት። ሲመለስ «የት ነው የተማርከው?» አለኝ።

«አምቦ» አልኩት።

ዩኒቨርሲቲውን መስሎት ራሱን በአክብሮት ነቀነቀ። እኔ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። ዕፅዋትን በሚመለከት የማውቀውን ሁሉ ከሰው አፍና ከተዋስኳቸው መጻሕፍት ነው የለቀምኩት። ይሄን አበባ ግን ያስተማሩኝ አንዲት ጎረቤታችንና አንዲት ጊደር ናቸው፤ ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ።

ቤታችን ከአምቦ ወደ ጉደር ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነበር። አባዬ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። እሱ ያስቀመጠው ፋይል ጠፍቶ አያውቅም ይባላል፤ እኔም ልጁ ስለሆንኩ ይሄን ወሬ እንደ ትልቅ ሀብት ነበር የምቆጥረው። ቤት ውስጥም ያው ነው። መዶሻው የሚሰቀልበት ምስማር ሥር «መዶሻ» ተብሎ ተጽፏል።

ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አባዬ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄዶ ሦስት ካርቶን ችግኝ ይዞ ተመለሰ። መኪናው ጣሪያ ላይ ይጫን ሲሉት እምቢ ብሎ፣ አንዱን ካርቶን ጭኑ ላይ፣ ሁለቱን እግሩ ሥር አድርጎ ነው የመጣው። ሠላሳ አራት ችግኝ ነበር።

«ስሙ ማን ነው?» አለች እማዬ።

«የሸጠልኝ ልጅ የአጥር አበባ ነው ያለኝ።»

«አጥር እኮ አለን።»

«ያለን ሽቦ ነው» አላት።

ገመድ ወጠርን። በየመሀሉ አንድ ክንድ እየለካን ጉድጓድ ቆፈርን። ውኃ ማጠጣቱ የእኔ ሥራ ሆነ፤ አንድ ቀን አጠጥቼ አንድ ቀን እዘላለሁ፤ ለእያንዳንዱ ችግኝ ሁለት ጣሳ። አራተኛ ክፍል ስገባ አጥሩ ከእኔ ቁመት በልጦ ሽቦውን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖት ነበር። ቅጠሉ ጠባብ፣ ረጅም፣ ጠንካራ ነው፤ በጣት ሲታጠፍ ቀጭ ይላል። በበጋው፣ የሰፈሩ አቧራ ሁሉን ነገር ቡናማ ሲያደርግ፣ የእኛ አጥር ብቻ ሮዝ ነበር። በዚያ ጥር አምስት ሙሽሮች አጥራችን ፊት ፎቶ ተነሥተዋል። አባዬ ቅዳሜ ሸሚዙን ለብሶ በር ላይ የሚቆመው ለምን እንደሆነ እማዬ ታውቅ ነበር። «ዛሬም ሙሽራ ይመጣል?» ትለው ነበር። «እኔ ምን አውቃለሁ» ይላል፤ ግን አይገባም።

ከአጥሩ ወዲያ ማዶ አዴ ብርቄ ይኖሩ ነበር። አዴ እኛ ዘንድ ትልልቅ ሴቶች የሚጠሩበት ነው። በካቺሲ በኩል ካለ ገጠር የመጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሴትዮ ነበሩ። ኦሮምኛና አማርኛን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያስኬዱታል፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደዚያው ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። አንዲት ፍየልና ዳለቲ የምትባል ግራጫ ጊደር ነበራቸው። የዳለቲ እናት ስትሞት ዳለቲ ገና ጥጃ ነበረች፤ አዴ ብርቄ ናቸው ወተት ከሰው እየለመኑ በጠርሙስ ያሳደጓት። በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። አዴ ብርቄ ሆዷን በመዳፋቸው እየዳበሱ «ዘንድሮ ወተት ከሰው አልለምንም» ይሉ ነበር።

እኔ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ከሰዓት ከእሳቸው ጋር ዳለቲን ወደ ወንዙ ዳር እናወርዳት ነበር። መንገድ ላይ አጥር ባዩ ቁጥር በበትራቸው ጫፍ እየነኩ ይነግሩኛል።

«ይሄ ቅንጭብ ነው። ወተቱ ዓይን ያጠፋል። ሰው ግን አጥር አድርጎታል፤ ሌባ እንዳይገባ ነው፣ ልጅ ግን ይገባል።»

«ይሄ ጉሎ ነው። ፍሬው ሲያብረቀርቅ አየኸው? ለዓይን ነው እንጂ ለአፍ አይደለም።»

«ይሄን የወፍ ቆሎ ይሉታል። ቆሎ ስላሉት ቆሎ እንዳይመስልህ። የወፍ ነው። ከብት ሲበላው ቆዳው ፀሐይ አይችልም፣ ይላጣል።»

ከአንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ደግሞ ነጭ ጥሩምባ የሚመስሉ ረጃጅም አበባዎች ወደ ታች ተንጠልጥለው ይታዩ ነበር። እሱን «የፈረንጅ አስተናግር» አሉት። የዚህ ስም ገረመኝ። አስተማሪያችን በሪፖርት ካርዴ ላይ በየሴሚስተሩ «አይናገርም» እያለ ይጽፍብኝ ነበርና፣ የሚያስተናግር ተክል ካለ ለእኔ የተፈጠረ ነው ብዬ አሰብኩ። ቆም ብዬ ሳየው አዴ ብርቄ ገባቸው።

«እሱ የሚያስተናግረው የጤነኛ ወሬ አይደለም» አሉኝ። «የቀመሰው ሰው ከግድግዳ ጋር ነው የሚያወራው። አንተ ከሰውም አላወራህ።»

እንዲህ እያሉ ሁሉንም በስሙ ይነግሩኝ ነበር። ስም ያልሰጡት የእኛን አጥር ብቻ ነው።

አንድ ቀን ፍየላቸው ገመዷን በጥሳ ወደ አበባችን ሄደች። ይህች ፍየል የእማዬን ሳሙና የበላች፣ የሒሳብ ደብተሬን ከነሽፋኑ የጨረሰች ናት። ሮጥኩ። ከመድረሴ በፊት ግን ፍየሏ ቅጠሉን አሸተተች፣ በአፍንጫዋ እፍ አለችና ፊቷን አዞረች። አዴ ብርቄ ይህን ቆመው አዩ። ቀርበው አንድ ቅጠል ቀነጠሱ። ከተቀነጠሰው ቦታ የሚጣበቅ ፈሳሽ ወጣ። አሸተቱት፤ ጣሉት፤ ጎንበስ ብለው እጃቸውን በአፈር አሹ። ከዚያ ወደ ቤታችን በር አየት አደረጉ። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ፣ አጥሩን ሊያደንቁ የመጡ መስሎት፣ ፈገግ ብሎ ነበር።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይሄ ቆሪቻ ቀበ። አትንካው፣ እሺ?»

ቆሪቻ በኦሮምኛ መድኃኒት ነው። ቀበ ማለት ደግሞ አለው ማለት ነው። መድኃኒት አለው፣ አትንካው።

ለእኔ ይሄ ግልጽ ነበር። በዚያው ሰሞን ጤና ጣቢያ ሰዎች ትምህርት ቤታችን መጥተው የወስፋት ክኒን ሰጥተውን ነበር፤ «ቆሪቻ» ብለው ነው የሰጡን። ቤታችን ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠውን የእማዬን ሽሮፕም ሁልጊዜ «መድኃኒት ነው፣ አትንካ» ነው የምባለው። መድኃኒት ማለት ለልጅ የማይነካ፣ ለታመመ ግን የሚሰጥ ነገር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ውኃ ያጠጣሁት ሠላሳ አራት የመድኃኒት ዛፍ መሆኑን ሳውቅ ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ለማንም አልተናገርኩም። ያን ጊዜ ደስ የሚለኝን ነገር ነበር አብዝቼ የምደብቀው።

የካቲት ውስጥ ዳለቲ ታመመች። ከባድ አልነበረም፤ ታስላለች፣ አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ሣር ታሸትና ትተዋለች። አዴ ብርቄ ግን ተጨንቀው ነበር። በጉደር ገበያ ቀን ጠዋት ሲወጡ «ከሰዓት ውኃ ስጣት፣ ኢልማ ኮ። ከበላችልህ ፉርሽካ አለ» ብለውኝ ሄዱ።

ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ወደ አጥሩ ሄድኩ። ያደረግኩትን በቅደም ተከተል አስታውሳለሁ። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ስለሚወጣ በቦታ ነበር የቆረጥኩት፤ ሰባት ቦታ። ሰባት ጊዜ ሦስት ሃያ አንድ። ለምን ሰባት? ትምህርት ቤት የሰጡን ወረቀት ላይ «ለሰባት ቀን» የሚል አይቼ ነበር። ከመስጠቴ በፊት የአንዱን ጫፍ በምላሴ ነካሁት። እንደ እሬት መረረኝ፤ ቆየት ብሎም ምላሴ ደነዘዘ። ይሄ ይበልጥ አረጋጋኝ፤ ክኒኑም መሮኝ ነበርና። አፌን ተጉመጥምጬ ተፋሁ። ቅጠሉን በእማዬ ቢላ አደቀቅኩት፤ ከሁለት ጣሳ ፉርሽካና ከአንድ እፍኝ ጨው ጋር አሸሁት። ስከትፍ ሁለት ቅጠል መሬት ላይ ወድቆ ስለቆሸሸ ጣልኩት። ስለዚህ የገባው አሥራ ዘጠኝ ነው።

ዳለቲ አሸተተችው። ትንሽ ቆመች። ከዚያ ጨው ትወዳለችና ላሰችው፤ ቀስ እያለች ጨረሰችው። አንገቷን አሻሸሁላት። ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የበላችው እኔ ካቀረብኩላት ሳህን ነው ብዬ ልቤ ሞላ። ገበያ የሄዱት አዴ ብርቄ ሲመለሱ ምን እንደሚሉኝ እያሰብኩ የቤት ሥራዬን ሠራሁ።

አሥር ሰዓት ግድም ድምፅ ሰማሁ። ከብት እንዲያ ሲያቃስት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ስሄድ ዳለቲ ከግርግሙ ሥር ተኝታለች። ምራቋ ይዝረበረባል፤ ከኋላዋ ውኃ የመሰለ ነገር ወርዷል፤ ጆሮዎቿ ስነካቸው ቀዝቅዘዋል። አዴ ብርቄ በዚያው ሰዓት ከገበያ ደረሱ። የያዙትን ዘንቢል እበር ላይ ጥለው ገቡ። ወዲያው ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አባዬም ከሥራ መግባቱ ነበርና መጣ።

አንዱ «ሆዷ ተነፍቷል፣ አስነሥታችሁ አሩጧት» አለ። ሌላው ዘይት አምጡ አለ። አንዲት ሴትዮ ሙሽሮቹ ሲመጡ ብዙ ሰው አይቷታል፣ ዓይን ነው አሉ። ሁለት ጎረምሶች ዳለቲን በቀንዷና በጅራቷ ይዘው ሊያስነሡ ሲታገሉ፣ አባዬ የደወለላት የእንስሳት ሐኪም በሞተር ሳይክል ደረሰች። የእንጭኒ ልጅ ናት፤ ሃዊ ትባላለች፤ ወጣት ነበረች። እንደገባች «ልቀቋት» አለች፤ ለቀቋት። ተንበርክካ በማዳመጫዋ ከዳለቲ የግራ ክንድ ኋላ አዳመጠች። ሰዓቷን እያየች ብዙ ቆየች።

«ምን በላች?» አለች።

«ምንም» አሉ አዴ ብርቄ። «ሣር አልነካ ካለች ሦስት ቀኗ ነው።»

«ጤፍ? ሊጥ? የተረጨ ነገር?»

«ከየት አምጥታ?»

«ልቧ ትክክል አይደለም» አለች ሃዊ። «ሳል የያዛት ከብት ልብ እንዲህ አይመታም። የበላችውን ካላወቅኩ በግምት መውጋቴ ነው፤ በግምት ከተሳሳትኩ ደግሞ ሁለቱንም ታጣላችሁ፣ እሷንም በሆዷ ያለውንም።»

ከአባዬ ኋላ ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ ያሰብኩት እንዲህ ነው፤ መድኃኒት ሰጥቻታለሁ፤ መድኃኒት ደግሞ አይገድልም፤ እንግዲያው የእኔን መናገር ምን ያስፈልጋል? ነገር ግን ሐኪሟ የጠየቀችው ምን በላች ብላ ነው። ጥያቄው ትክክለኛ መልስ ነበረው፤ መልሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። መጀመሪያ የተናገርኩት ለራሴም አልተሰማኝም። ሁለተኛው ግን ወጣ።

«አሥራ ዘጠኝ ቅጠል።»

ሰው ሁሉ ዞረ።

«የምን ቅጠል?» አለች ሃዊ።

«የአጥራችን። ሃያ አንድ ቆርጬ ነበር፤ ሁለቱ ወደቁ። በሁለት ጣሳ ፉርሽካና በጨው ነው የሰጠኋት። ስምንት ሰዓት ላይ።»

ሃዊ ተነሥታ በሽቦው በኩል አበባውን አየች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ቦርሳዋን እየከፈተች በፍጥነት ትናገር ጀመር። «ከሰል አምጡ፣ ውቀጡት፣ እንደ ዱቄት ይሁን። ውኃ። አንገተ ረጅም ጠርሙስ። ማንም እንዳያስነሣት። ብትሮጥ ኖሮ እዚሁ ልቧ ይቆም ነበር።» ጎረምሶቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ወደ እኔ ዞር ብላ «አንተስ ቀምሰሃል?» አለችኝ።

«ጫፉን። ተፍቼዋለሁ።»

አባዬ ክንዴን ያዘኝ፤ ሃዊ ጤና ጣቢያ እንዲወስደኝ ነገረችው፤ ሄድን። ምንም አልሆንኩም። ስንመለስ ግን ዳለቲ ዙሪያ ያለው መሬት ሁሉ ጥቁር ነበር፤ አዴ ብርቄ እስከ ክርናቸው በከሰል ጠቁረው ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አድርገዋል።

«ማን ነው ስጣት ያለህ?» አለችኝ ሃዊ። ቁጣ አልነበረባትም፤ መጻፍ ስላለባት ነው የጠየቀችው።

አዴ ብርቄን አላየኋቸውም። እሳቸው ግን ዝም አላሉም።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ቆሪቻ ቀበ አልኩት።»

«መርዝ ነው ለማለት?»

«ታዲያስ። ባሏን ቆሪቻ አበላችው ሲባል ምን ማለት ነው? ከጉንፋን አዳነችው ማለት ነው?»

አባዬ ሳያስበው ሳቀና አፉን ያዘ። በአማርኛም ያው ነው። «መድኃኒት ጠጣ» ሲባል ትልቅ ሰው ይደነግጣል፤ ልጅ ግን ታሞ ነበር ብሎ ነው የሚያስበው።

«ሱሚ ነው አይሉትም ነበር?» አለች ሃዊ። ሱሚ መርዝ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

አዴ ብርቄ የዳለቲን ምራቅ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ኦቦ ደረጀ በሩ ላይ ቆሞ እያየኝ?» አሉ በመጨረሻ። «ሁለት ዓመት የደከመበትን፣ ሙሽራ የሚቆምበትን፣ ፊት ለፊቱ ሱሚ ነው ልበል? ጎረቤቴ ነው እኮ።»

ኦቦ አቶ ማለት ነው፤ ደረጀ ደግሞ አባዬ ነው።

ሃዊ ሁለት መርፌ ወጋቻት። ስትሄድ «ነገ እስክመጣ ልቧን የሚቆጥር ሰው እፈልጋለሁ» አለች። ዞራ እኔን አየች። «አንተ መቁጠር ታውቃለህ።» እጄን ይዛ ከዳለቲ የግራ ክንድ ኋላ ያለውን ቦታ አሳየችኝ፤ ማዳመጫ ስለሌለ በጆሮ ነው አለችኝ።

አባዬ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ሰጠኝ። ለሰው ሰጥቶት አያውቅም ነበር።

ጆሮዬን ጎኗ ላይ ሳሳርፍ ፀጉሯ ጉንጬን ይበላኝ ነበር። መጀመሪያ የሆዷን ጉርምርምታ ብቻ ነው የሰማሁት። ቆይቶ ከሩቅ፣ ከወፍራም ግድግዳ ወዲያ ሰው በር የሚያንኳኳ ያህል፣ መጣ። ያንኳኳል፣ ያንኳኳል፣ ያቆማል። ያቆመ ጊዜ የእኔም ትንፋሽ ይቆማል። ደግሞ ያንኳኳል። በመጀመሪያው ቆጠራ ሠላሳ ስምንት ነበር። ከደብተሬ ገጽ ላይ መሥመር አስምሬ ጻፍኩት፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ ስንት ጊዜ እንዳቆመ። ጨለማ ሳይሆን አንድ ጊዜ፣ ጎሕ ሲቀድ አንድ ጊዜ፣ ከትምህርት ቤት መልስ አንድ ጊዜ። ሁለተኛው ቀን አርባ አራት። ሦስተኛው ቀን ጠዋት አምሳ ሁለት፤ ሁለት ጊዜ ብቻ አቆመ። በአራተኛው ቀን ስድሳ ደረሰ፤ አንድም ጊዜ አላቆመም። እርግጠኛ ለመሆን ሦስቴ ቆጠርኩ። ዳለቲ በመሀል ሰለቻትና አንገቷን አዙራ ደብተሬን ላሰችው። የዚያ ገጽ ቀለም ዛሬም የተበላሸ ነው።

ሃዊ ደብተሩን አገላብጣ አየች። «የእኛ ቢሮ ካርድ እንዲህ ቢሞላ» አለች አባዬን። አባዬ «የመዝገብ ቤት ልጅ ነው» አላት። እንዲህ ያለ ነገር ስለ እኔ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባዬ ሸሚዙን አልለበሰም። የቆየ ሱሪውን አድርጎ ዶማ ይዞ ወጣ። ከመጀመሪያው ጫፍ ጀመረ። እማዬ ግንዱን ለማገዶ እናድርገው ስትል፣ ጢሱም መርዝ ነው ብላ ሃዊ ነግራን ስለነበር፣ ከጓሮ አንገቴ ድረስ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፈርን። እጃችንን በፌስታል ጠቅልለን ሥሩን፣ ግንዱን፣ የወደቀውን ቅጠል ሳይቀር ለቀምን። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይቆም ነበር።

«ኦቦ ደረጀ፣ ምነው? አበድክ?»

«ከብት ይገድላል።»

«እንግዲያው ለእኔ ስጠኝ፤ እኔ ከብት የለኝም።»

«ልጅ አለህ» አለው አባዬ፣ ዶማውን ሳያቆም።

ሌላው ደግሞ «ይሄ እኮ አዲስ አበባ መንገድ መሀል የተተከለ ነው። መርዝ ቢሆን ይተክሉት ነበር?» አለ። አባዬ ወደሚቀጥለው ግንድ አለፈ። አዴ ብርቄ መጥተው ሽቦው ወዲያ ቆሙ።

«ሁለት ዓመትህን እኮ ነው የምትነቅለው» አሉት።

«በቀጥታ ይንገሩኝ ነበር፣ አዴ።»

«ብነግርህ ትነቅለው ነበር?»

አባዬ ቀና ብሎ ላቡን ጠረገ። ውሸት አይሆንለትም። «አልነቅለውም ነበር» አለ። «በእርስዎ ቅር ይለኝ ነበር።» ከዚያ አዴ ብርቄ በሽቦው ሥር አጎንብሰው ገቡ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከሃያ ሁለተኛው ጀምሮ አብረውን ነቀሉ። ሠላሳ አራቱንም እኔ ቆጥሬ ነው ጉድጓዱ የተደፈነው። ከሰዓት አንድ ሙሽራ ከነሚዜዎቹ መጣ፤ የተቆፈረውን መሬት አይቶ ትንሽ ግራ ገባውና ሄደ።

ሽቦው ባዶ ሲቀር ግቢያችን ከመንገድ ይታይ ጀመር። ለአባዬ ይህ የከበደው ይመስለኛል። እኔ ግን በዚያ ባዶ ሽቦ የምኮራውን ያህል በአበባው ኮርቼ አላውቅም። አስተማሪያችን ስለ ሰፈራችን አንድ ነገር ጻፉ ሲለን ስለ እሱ ጻፍኩ፤ ተነሥተህ አንብብ ሲለኝም ተነሥቼ አነበብኩ። ከመሀል «ሰባት ጊዜ ሦስት» የሚለው ላይ ክፍሉ ሳቀ። ቀጠልኩ።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ዳለቲ ወለደች። ሴት ጥጃ ናት፤ ከእናቷ የጠቆረች፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት። የሰፈሩ ሰው እንኳን ማርያም ማረቻት እያለ መጣ፤ ወተቱ ላይ ግን ወሬ ነበር። መርዝ የበላች ላም ወተት ይጠጣል? ሃዊ ሁለት ወር አልፎታል፣ ንጹሕ ነው ብላ ነበር። ሰው እሺ ይላል፤ ግን ሲጋበዝ ጠግቤያለሁ፣ ሆዴን አሞኛል ማለት አበዛ። አዴ ብርቄ ይሰሙ ነበር። ዘንድሮ ከሰው አልለምንም ያሉት ወተት ደርሶ፣ የሚቀምስላቸው ሰው ነበር የጠፋው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት እንገሩን ቀቅለው በትልቅ ሳህን ይዘው መጡ። እንገር የወለደች ላም የመጀመሪያ ወተት ነው፤ ሲቀቀል ይረጋል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይሸታል ደግሞም ይጥማል። በር ላይ የነበሩ ጎረቤቶች በሽቦው በኩል እያዩ ነው። እማዬ ትከሻዬን ይዛኝ ነበር። መያዝ ብቻ ሳይሆን ጠበቅ አድርጋኛለች። አባዬ አንድ ማንኪያ ሊያነሣ እጁን ዘረጋ።

«ለእሱ ነው» አሉ አዴ ብርቄ። ሳህኑን ወደ እኔ አቀረቡት። «ልቧን የቆጠረው እሱ ነው። ጥሩ አይደለም ካለኝ ለማንም አልሰጥም።»

የእማዬ እጅ ከትከሻዬ ላላ። ማንኪያ አልጠበቅኩም። ሞቅ ያለ ነበር፤ ትንሽ ጨው አለው፤ ምላስ ላይ ይሟሟል። ሁሉም እያዩኝ በላሁ፤ የሳህኑን ጠርዝ በጣቴ ጠረግኩ። ባዶውን ሳህን ለአዴ ብርቄ መለስኩላቸውና፣ ከሽቦው ወዲያ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ሳይቀር በሚሰማው ድምፅ፣ «ይጨምሩልኝ» አልኳቸው።